ከዕድር ድንኳን የተሰፋው ፓራሹት

የዓለም ሊቃውንት የአውሮፕላን መንገደኛን ከአደጋ ለማትረፍ ስንት ዘመን ሲለፉ፣ መፍትሔው ካዛንቺስ፣ በአንድ ዕድር ዕቃ ቤት ውስጥ ተጣጥፎ መቀመጡን አለማወቃቸው አንጀት ይበላል።

ነገሩ እንዲህ ነው። የጡረተኛው መምህር የአቶ ገብረዋህድ ልጅ ዳናይት በመጪው እሑድ መቀሌ ልትዳር ነው። የአባትየው ጉልበት ሁለት ቀን አውቶቡስ አይችልም፤ አውሮፕላን ደግሞ ገና ስሙ ሲጠራ ያማትባሉ። "አንዲት ልጄን ሳልድር ልቀር ነው" እያሉ እንቅልፍ አጡ። ጭንቀታቸውን ለዕድሩ ዳኛ ለአቶ በለጠ አዋዩ።

አቶ በለጠ ሲፈጥራቸው ችግር ሰምተው ስብሰባ ሳይጠሩ የማያድሩ ሰው ናቸው። ወዲያው አስቸኳይ ጉባኤ ተቀመጠ። አጀንዳው "በአየር የሚጓዙ አባላትን ጉዳይ ዘላቂ በሆነ መልኩ ስለመፍታት" ይላል።

"ፓራሹት!" አሉ ዳኛው። "ወታደሩ እየዘለለበት ይተርፍ የለም እንዴ? ሲቪሉ ምን አጠፋ?"

ከአባላቱ መሐንዲሷ ወይዘሪት ልዩ ብቻ እጇን አወጣች። "ጋሼ፣ ማለቴ... እዚያ ከፍታ ላይ በሩ አይከፈትም። ቢከፈትም አየሩ አያስተነፍስም። ዝላይ ደግሞ ስልጠና ይፈልጋል፤ ጋሽ ገብረዋህድ እኮ ከታክሲ የሚወርዱት ተደግፈው ነው!"

"ገንቢ አስተያየት ነው፤ በቃለ ጉባኤ ይያዝ" አሉ ዳኛው። ተያዘ። ከዚያም የለቅሶው ድንኳን ተቀዶ ፓራሹት እንዲሰፋ ተወሰነ።

ሙከራው ሐሙስ ዕለት ከባምቢስ ሱፐርማርኬት ጀርባ ካለ ጅምር ፎቅ ላይ ተደረገ። የዕድሩ ትልቁ ድስት ፓራሹቱ ላይ ታስሮ ተለቀቀ። ድስቱ ቀድሞ ደረሰ። ሸራው በዝግታ ተከትሎት መጣና በክብር ሸፈነው። አባላቱ አጨበጨቡ።

አቶ ገብረዋህድ የተጨራመተውን ድስት አገላብጠው አዩት።

"አቶ በለጠ፣ ለመሆኑ ይኼ ነገር እኔን ያድነኛል?"

"ማን ያድናል አለዎት?" ዳኛው ተቆጡ። "ደንባችንን አንብበውታል? ይህ ዕድር የተቋቋመው አባሉን ለመቅበር ነው! አውሮፕላን ሲወድቅ አስከሬን ይበታተናል፤ ታዲያ እኛ ምን እንቅበር? በዚህ ከታሰሩ ግን ቢያንስ አንድ ቦታ ይገኛሉ!"

አቶ ገብረዋህድ በቀጥታ ሄደው የአውሮፕላን ትኬት ቆረጡ። ቅዳሜ ማለዳ ፓራሹቱን እቤታቸው ጥለው፣ ውዳሴ ማርያማቸውን ደረታቸው ላይ አጥብቀው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው በረሩ። እሑድ ልጃቸውን ዳሩ፤ ደስታቸው ልክ አልነበረውም፣ ጉልበታቸውን ረስተው ጭፈራው መሀል ገቡ። ሰኞ ለአቶ በለጠ ደወሉ።

"በሰላም ገብቻለሁ፤ ልጄንም ዳርኩ።"

"ያለ ፓራሹት?"

"ያለ ፓራሹት።"

"ወይ ጉድ! ድንኳናችን በከንቱ ተቀደደ በሉኛ!"

በማግስቱ አስቸኳይ ጉባኤ ተጠርቶ የሚከተለው በሙሉ ድምፅ ጸደቀ፦ "አባላችን አቶ ገብረዋህድ ከዕድሩ ዕውቅና ውጭ በሰላም በመድረሳቸው የመጀመሪያ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ይሰጣቸው። በመልሱ ጉዞም ይህንኑ ድርጊት ቢደግሙ ከአባልነት ይሰረዛሉ።"