ለዲስክ የተጠራ አውጫጭኝ

እኛ አገር ዕቃ ጠፋ የሚባል ነገር የለም፤ ተሰረቀ እንጂ። እናንተስ ብትሆኑ መነጽራችሁን ስታጡት መጀመሪያ የምታዩት ጠረጴዛውን ነው ወይስ የቤት ሠራተኛዋን ፊት? ግድ የለም፣ አትመልሱልኝ። መነጽሩ ግንባራችሁ ላይ ቢገኝ እንኳ «ማነው እዚህ የሰቀለብኝ?» ማለታችሁ አይቀርም። እኔም ያው ነኝ፤ ከእናንተ ተለይቼ ከየት እመጣለሁ? ነገር ግን ከነበረበት ንቅንቅ ያላለ ዕቃ ተሰረቀ ተብሎ ሰው ሊታሰር ሲል በዓይኔ አይቻለሁ። ያኔ የደነገጥኩት ድንጋጤ ዛሬም ጨርሶ አልለቀቀኝም።

ዘመኑ ደርግ ነው፣ ወደ ማብቂያው ገደማ። መንዝ ውስጥ፣ መሐል ሜዳ በምትባል ከተማ አንድ የበግ ዝርያ ማሻሻያ ፕሮጀክት ነበር፤ እኔ የፕሮጀክቱ የኮምፒውተር ሠራተኛ ነበርኩ። ኮምፒውተር ስላችሁ የዛሬውን በብብት የሚያዘውን እንዳታስቡ። ጄኔሬተር ሲነሳ የሚነሳ፣ ጄኔሬተር ሲጠፋ የሚተኛ፣ የራሱ ክፍል የተሰጠው ጌታ ነበር። የመንዝ ብርድ ለማንም አያዝንምና ዘበኛችን ጋሽ እሸቴ ሥራ ሲያበቃ ከቤታቸው ባመጡት ባና፣ በዚያ ከበግ ጸጉር በተሠራው ወፍራም ብርድ ልብስ፣ ጀቡነው ያሳድሩታል። «ብረት ነው ተብሎ ይበርደው?» ይላሉ። ጧት ባናውን ገፈው፣ አራግፈው ሲያጥፉት ላያቸው ሰው እንግዳ አሳድረው የሚሸኙ ይመስላሉ።

ማሽኑ ሆድ ውስጥ ያለው ዲስክ አንድ ነው። ግን አንዱን ቤት በግድግዳ ለሁለት እንደመክፈል ተከፍሎ፣ ግማሹ ሲ፣ ግማሹ ዲ ይባላል። ሲ ላይ ማሽኑ የሚሠራባቸው ፕሮግራሞች አሉ። ዲ ላይ ደግሞ የበጎቹ ጉዳይ፤ የትኛው አውራ የትኛውን ወለደ፣ ምን ያህል መዘነ፣ ጸጉሩ እንዴት ነው፤ የዓመታት ድካም።

አንድ ቀን ከአዲስ አበባ ባለሙያ መጣና «ዶሳችሁ አርጅቷል፣ አዲስ ልጫንላችሁ» አለ። ዶስ ማለት ማሽኑን ከእንቅልፉ ቀስቅሶ ሥራ የሚያስይዘው ዋናው ፕሮግራም ነው። ጫነ። ማሽኑ ተነሳ፣ አጨበጨብን፣ እሱም ጥብሱን በልቶ መኪናውን አስነስቶ ሄደ። በማግስቱ ዲን ብጠራው ማሽኑ «እንዲህ የሚባል ዲስክ አላውቅም» አለኝ። ደግሜ ጠራሁት። አላውቅም። አጥፍቼ አስነሳሁት። አላውቅም!

ለኃላፊያችን ለጓድ ተፈራ ሮጬ ነገርኳቸው።

«ትናንት ነበር?»

«ነበር።»

«ቁልፉ ማን ጋ ነው የሚያድረው?»

በቃ፣ ጉድ ፈላ። ቁልፉ የሚያድረው ጋሽ እሸቴ ጋ ነው። ማታ ማታ ባና የሚያለብሱትም እሳቸው ናቸው። «ሲያለብሰው ከሥር መዝዞ አወጣዋ!» አሉ ጓድ ተፈራ። ዲ ተመዝዞ የሚወጣ ነገር እንዳልሆነ ባስረዳ ባስረዳ «አንተ ልጅ፣ አትከላከልለት» ተባልኩ። ቀጥሎ «አሻጥር» የሚለው ቃል ወጣ። በዚያ ዘመን የኖራችሁ ይህ ቃል የወጣበት ሰው ምን እንደሚገጥመው ታውቃላችሁ፤ ያልኖራችሁ እንኳንም አላወቃችሁ። ጋሽ እሸቴ ማምሻውን በፕሮጀክቱ መኪና ደብረ ብርሃን ተወስደው እንዲታሰሩ ተወሰነ።

ጋሽ እሸቴ አልጮኹም። «ልጄ፣ ዲ የሚሉት ምን ያህላል?» ብለው ጠየቁኝ። «ምናልባት ተጠቅልሎ ቀርቶ እንደሆነ ብዬ ባናውን አራገፍኩት። የለም።» እኔን ማልቀስ ቃጣኝ።

ወሬውን ሰምተው የአገር ሽማግሌዎች መጡ። ከፊት የቀደሙት አባባ ደምሴ «ጓድ፣ ሰው ከመውሰድዎ በፊት አውጫጭኝ እንቀመጥ። እስኪመሽ ይስጡን» አሉ። አውጫጭኝን ለማታውቁ፣ ዕቃ ሲሰረቅ የአካባቢው ሰው በሙሉ ሜዳ ላይ ወጥቶ ያየውንና የሰማውን እየማለ ይናገራል፤ ሌባው እስኪታወቅ ማንም ቤቱ አይገባም። በሬ በዚህ ተገኝቷል፣ በግ ተገኝቷል። ለኮምፒውተር ዲስክ ሲጠራ ግን የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም። ሰው ከነጋቢውና ከነበርኖሱ ወጥቶ ተቀመጠ። አንዱ ተነስቶ «አመሻሹ ላይ ክብ ነገር በጋቢው ሸፍኖ የሚሄድ ሰው አይቻለሁ» ብሎ ማለ። ሲጣራ ክቡ ነገር ሰፌድ ሆኖ ተገኘ።

እኔ ጄኔሬተሩን አስነስቼ ማሽኑ ክፍል ገባሁ። ጀምበሯ እያዘቀዘቀች ነው። ስበረብር ባለሙያው የድሮውን ማስነሻ ፋይል፣ ማሽኑ ሲነሳ የሚያነበውን የትእዛዝ ዝርዝር፣ በሌላ ስም አስቀምጦት መሄዱን አየሁ። ከአዲሱ ጋር መስመር በመስመር ሳስተያየው አንዲት መስመር ከአዲሱ ላይ ቀርታለች፤ ማሽኑን «ዲ የሚባል ክፍልም አለህ» ብላ የምትነግረው መስመር! ጻፍኳት። አጥፍቼ አስነሳሁት። ዲ ወለል ብሎ ተከፈተ። አውራዎቹ በሙሉ አሉ፣ ከነግልገሎቻቸው።

«ተገኘ! ማንም አልሰረቀውም! እዚያው ነበር!» እያልኩ ሜዳው መሐል ደረስኩ። እልልታ ጠብቄ ነበር።

«የት ተገኘ?» አሉ አባባ ደምሴ።

«እዚያው፣ ማሽኑ ውስጥ።»

«ጧት እዚያው ፈልገህ አጥተኸው አልነበረም?»

«አጥቼው ነበር።»

«አሁን ብቻህን ገብተህ አገኘኸው።»

«አዎ፣ አንዲት መስመር...»

«ገብቶናል ልጄ፣ ገብቶናል» አሉ። ድምፃቸው ውስጥ ያለው ርኅራኄ ነው ያስፈራኝ። ወደ ሰዉ ዞሩና «ጭንቅ ሲሆንበት መልሷል። በፈቃዱ የመለሰ አይነካም። እሸቴም ነጻ ነው» ብለው ፈረዱ።

እኔ! ሌባው እኔ! ልጮህ አፌን ስከፍት መኪናውን አየሁት፤ ሹፌሩ ሞተር አስነስቶ ይጠብቃል። አልሰረቅኩም ብል ሌላ ሌባ ሊፈለግ ነው። ሌላ ሌባ ከተፈለገ ደግሞ ሩቅ አይሄዱም። ጓድ ተፈራ እንደሆኑ ማሽኑን የሚነካላቸው ሌላ ሰው ስለሌለ ይመስለኛል፣ ሰምተው እንዳልሰሙ ወደ ሰማይ ያያሉ።

«አጥፍቻለሁ» አልኩ።

«እግዜር ይቅር ይበልህ!» አለ ሜዳው ባንድ ድምፅ፤ ሰዉም እየተነሳ ወደ ቤቱ ሄደ። ጋሽ እሸቴ መጥተው አቅፈው ሳሙኝ። «አልተቀየምኩህም፣ ልጅነት ነው» አሉኝ።

በማግስቱ ሥራ ጨርሼ ልወጣ ስል ጋሽ እሸቴ በሩ ላይ አቆሙኝ። «እስቲ እጅህን ዘርጋልኝ፣ አይክፋህ» አሉ። ዘረጋሁ። ብብቴን ዳሰሱ፣ ኪሴን ገለበጡ፣ ካልሲዬን ሳይቀር ዝቅ አድርገው አዩ። መሐል ሜዳን እስክለቅ ድረስ አንድም ምሽት አላለፉኝም። ፈትሸው ሲጨርሱም ትከሻዬን መታ መታ አድርገው፣ ከልባቸው ደስ እያላቸው «ተመስገን፣ ዛሬም አልወሰድክም። እግዜር ያጽናህ!» ይሉኛል።