ለሙሴ ክላይድ ዐይን ስሆን

ሰው በአፉ ያድራል ሲባል እሰማ ነበር እንጂ፣ ሌላው ሲሮጥ ቁጭ ብሎ እያዩ «ሮጠ» በማለት ብቻ ልጅ ማሳደግ እንደሚቻል ያወቅሁት ጄኔቭ ከገባሁ በኋላ ነው። እስቲ ፍረዱ! ሯጩ ላቡን ያንጠፈጥፋል፣ ተመልካቹ ከፍሎ ይገባል፣ በመካከላቸው አንዱ ወንበር ላይ ተደላድሎ ሁለቱም የሚያውቁትን መልሶ ይነግራቸውና ደመወዝ ይበላል። እኔ አራተኛ ክፍል ሳልጨርስ «ወሬ ታበዛለህ» እየተባልኩ የተገረፍኩ ሰው ነኝ። ወሬ ሙያ መሆኑን የሚያውቅ አስተማሪ ወሎ ውስጥ ቢኖር ኖሮ ዛሬ የት በደረስኩ!

አሁን ግን አልቀናም። የዚያን ሙያ ሰው በቅርብ አይቼ አዝኜለታለሁ።

ሙሴ ክላይድ ይባላሉ፤ «ሙሴ» እዚህ «አቶ» ማለት ነው፤ አሜሪካዊ ናቸው። ያረጁት ቤዝቦል በሚሉት፣ ኳስ በዱላ በሚመታበት ጨዋታ ነው። መጫወቱን አይደለም፤ መጻፉንና በራዲዮ ማውራቱን። ከአንድ ታላቅ ቡድን ጋር ተጣብቀው፣ ቡድኑ በሄደበት እየሄዱ፣ ሲያሸንፍ አብረው እየበሉ፣ ሲሸነፍ አብረው እያኮረፉ፣ የሆነውን ሁሉ ለጋዜጣ ሲጽፉ ዕድሜያቸው አለቀ። ልጅዎ ስትወለድ የት ነበሩ ብትሏቸው የዚያን ቀኑን ጨዋታ ውጤት ይነግሯችኋል። ሚስታቸው ሲሞቱባቸው፣ ያቺው ልጅ ጄኔቭ ለዓለም አቀፍ ድርጅት ትሠራ ነበርና አምጥታ ቤቷ አስቀመጠቻቸው። ባለቤቴ ዘይነባ እዚያ ቤት ነው የምትሠራው።

አላህ ሲያዝንላቸው ጄኔቭም የቤዝቦል ቡድን ነበራት። ቡድን ከተባለ! የባንክ ጸሐፊው፣ የጥርስ ሐኪሙ፣ የሻንጣ ነጋዴው፣ እሁድ እሁድ ሆዳቸውን በቀበቶ አስረው የሚሯሯጡበት ነው። አንዲት ትንሽ የእንግሊዝኛ ራዲዮ ጨዋታቸውን ታስተላልፍ ነበርና ሙሴ ክላይድን ስታገኝ ሎተሪ እንደ ወጣላት ቆጠረችው። ሰውየው እንደገና ተወለዱ። «ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ሬሳ ናቸው፤ እሁድ ጠዋት ግን ክራቫት አስረው ሲያፏጩ ብታይ!» ትለኝ ነበር ዘይነባ።

ምን ያደርጋል፣ ዐይናቸውን ሞራ ጋረደው። ልጅቱ ሐኪም ቤት ብትላቸው «ቢላ ዐይኔ ላይ? ያለችኝን ጭላንጭልም ልጣ?» ብለው አሻፈረኝ አሉ። ራዲዮው ይህን ካወቀ ያሰናብታቸዋል፤ ካሰናበታቸው ደግሞ እሁድም እንደ ሰኞ ይሆናል። ቤቱ ሁሉ በዚህ ሲጨነቅ፣ ዘይነባ ብድግ ብላ «የእኔ ባል እሁድ ሥራ የለውም፤ ዐይኑም ደህና ነው» ብላ አከራየችኝ። እኔን መጠየቅ የሚባል ነገር የለም። ማታ ቬርኒየ ሰፈር ያለው ቤታችን ገብታ «ሥራ አገኘሁልህ» አለችኝ። ምን ሥራ ብላት፣ «ማየት» አለችኝ።

እኔ በሳምንቱ ለዛቫንሼ በሚባለው ሰፈር ያለውን ትልቅ የገበያ አዳራሽ ወለል የማጸዳ ሰው ነኝ፤ ቤዝቦል ከየት አውቃለሁ? ይህንኑ ብነግራቸው ሙሴ ክላይድ ደስ አላቸው። «የሚያውቅ ሰው የሚነግርህ የሚያውቀውን ነው፤ እኔ ያየኸውን ነው የምፈልገው» አሉኝ። ሁለታችንም ፈረንሳይኛውን እኩል ስለምናበላሸው ባንዴ ተግባባን። አጠገባቸው ተቀምጬ በጆሯቸው «ወፍራሙ ወረወረ፣ ባለዱላው ሳተ፣ ተናደደ፣ ምራቁን ተፋ» እላለሁ። እሳቸው ያችን ተቀብለው በማይክሮፎኑ ሲያወርዱት፣ ወላሂ ስለ ሌላ ሰው የሚያወሩ ነው የሚመስለኝ። እንግሊዝኛው ባይገባኝም ድምፁ ይገባኛል። የጥርስ ሐኪሙ ከእኔ አፍ ወጥቶ ከሳቸው አፍ እስኪደርስ ቁመት ይጨምር ነበር።

አንድ ነገር ብቻ አስቸገረን። እግር ኳስ ሰዓት አለው፤ ሰላትም ሰዓት አለው፤ ስለዚህ ተከባብረው ይኖራሉ። ቤዝቦል ግን ሰዓት አያውቅም። እኩል ከሆኑ አንዱ እስኪያሸንፍ ይቀጥላሉ፤ ቢርባቸውም፣ ቢመሽባቸውም። እንዲህ ያለ ጨዋታ የፈጠረ ሕዝብ ቤቱ የሚጠብቀው ሰው የለውም ማለት ነው?

የዋንጫው ጨዋታ ዙሪክ ሆነና በባቡር ሄድን። ሜዳው ሽዋመንዲንገን በሚባል ሰፈር ካሉት የኪራይ ቤቶች ጀርባ ነው፤ ጠዋት ዘንቦ ሣሩ ጨቅይቷል። እኩል ለእኩል ሆኑ። የአስር ሰላት ደረሰ። «ሙሴ፣ ሰላቴ» ስላቸው «ይህቺን ብቻ» ይሉኛል፤ ይህቺ ስታልፍ ሌላ ይህቺ ትመጣለች። መንገደኛ ነህና ከቀትሩ ሰላት ከዙህር ጋር አጣምረህ አትሰግድም ነበር የሚለኝ አዋቂ አይጠፋም። ልክ ነው፤ እኔ ግን ጨዋታ የሚባል ነገር ያልቃል ብዬ አምኜ ነበር።

ፀሐይዋ ስታዘነብል ተነሣሁ። «ሙሴ፣ እርስዎን የሚያሰናብትዎ ራዲዮ ነው፤ እኔን የሚያሰናብተኝ ግን ሌላ ነው» አልኳቸው። እጄን ያዙኝ። ዱላው በዙሪኮች እጅ ነው፤ አንድ ደህና ምት ካገኙ ዋንጫው የነሱ ነው። «ያለ አንተ ምን እላለሁ?» አሉኝ። አንጀቴን በሉት። «የመንገደኛ ሰላት አጭር ናት፤ መጣሁ» ብዬ፣ ከሜዳው ነጭ መስመር ወዲያ ሰው የሌለበት ሣር ላይ መስገጃዬን ዘረጋሁ። ሜዳው በግራዬ፣ ባዶው ሣር በቀኜ ሆነ።

እዚህ ላይ አንድ ሕግ ልንገራችሁ። በዚህ ጨዋታ የተመታው ኳስ ከመስመሩ ውጭ ከወደቀ «ፋውል» ይባላል። እኛ አገር ፋውል ሰው መጥለፍ ነው፤ እነሱ ጋ ግን ምንም እንዳልተፈጠረ ተቆጥሮ እንደገና መሞከር ነው። አንዱ መቺ ሲደጋግመው ቢውል የሚከለክለው የለም። ለትዳርም እንዲህ ያለ ሕግ ቢወጣለት ስንቱ ቤት በቆመ!

ሙሴ ክላይድ ምን አደረጉ መሰላችሁ? ገና «አላሁ አክበር» ብዬ ሰላቴን ከመጀመሬ በዝግታ «ፋውል» ሲሉ ሰማኋቸው። ቆይተው ደግሞ «ፋውል»። ወርዋሪው ኳሱን እያሻሸ ቆሟል፤ ጄኔቭ ያለው አድማጭ ግን መቺው አልሸነፍ ብሎ አምስት ዘመን እንደ ታገለ ነው የሚሰማው። እኔን ይጠብቁኛል ማለት ነው! ሰይጣን እንኳ ሰላቴ ላይ ሳቅ ይዞ መጥቶ አያውቅም ነበር።

ግንባሬን መሬት ደፍቼ ሱጁድ ላይ ሳለሁ ዱላው ጧ! አለ። ሙሴ ክላይድ የለመደ አፋቸው ቀድሟቸው በሙሉ ድምፃቸው «ፋውል!» ብለው ጮኹ። ወዲያው ከቀኝ ጆሮዬ አጠገብ አንድ ነገር ዱብ አለና እጅጌዬን ጭቃ አለበሰው። ቀና አላልኩም። ጌታዬን እያነጋገርኩ ኳስ የት ወደቀ እላለሁ?

ለካ ዳኛውን ፀሐይ ዐይኑን ወግታው ኳሷ የት እንዳረፈች አላየም። ምን ያድርግ? ከአሜሪካ የመጡ፣ በዚህ ጨዋታ የሸበቱ አዋቂ ከኋላው ያለ አንዳች ጥርጣሬ ሲጮኹ ሰማ። እሱም እጆቹን ዘርግቶ «ፋውል» አለ። ዙሪኮች አበዱ፤ ኳሷን ያነሣት ልጅ አጠገቤ ነበርና ወደ እኔ ሮጡ። «አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላህ» ብዬ ወደ ቀኝ ብዞር የዙሪክ ቡድን፤ ወደ ግራ ብዞር የጄኔቭ ቡድን።

የዙሪኮቹ አሠልጣኝ ፈረንሳይኛ ይችላል። አየህ ወይ አለኝ። አላየሁም አልኩት። «አፍንጫህ ሥር ወድቃ?» «አፍንጫዬ መሬት ላይ ነበር።» «ታዲያ ምን ታውቃለህ?» በቀኜ እንደ ወደቀች አውቃለሁ ብዬ ጭቃ የለበሰ እጅጌዬን አሳየሁት። መስገጃዬን አየ፣ መስመሩን አየ፣ ነገሩ ገባው። እልኸኛ ነውና ግን «ስለዚህ ሽማግሌው በትክክል አይተዋል ነው የምትለኝ?» አለኝ። አይተዋል ብል የሐሰት ምስክር መሆኔ ነው፤ አላዩም ብል ማይክሮፎኑ ክፍት ነው፣ የሙሴ ክላይድ እሁድ እዚያው ሜዳ ላይ ትቀበራለች። አላህ አፌ ላይ አደረገልኝ፦ «ያሉት ልክ ነው» አልኩ።

ጄኔቮች አሸነፉ። እንዴት እንደሆነ አትጠይቁኝ፤ ያየሁትን ተናግሬያለሁ፣ ገባኝ ግን አላልኩም። ዳኛው መጥቶ እጁን ለሙሴ ክላይድ ዘረጋ፤ እሳቸው አላዩት፤ በክርኔ ባልጎስማቸው ኖሮ ኩራተኛ ተብለው ይቀሩ ነበር። በጸደይ መጥተው ለወጣት ዳኞች እንዴት እንደሚታይ እንዲያስተምሩለት ለመናቸው። እሺ አሉ፤ ምን ይበሉ?

ማታ ለዘይነባ ስነግራት ከሳቋ ጋር እየታገለች «አንዱ ዐይኑ አያይ፣ አንዱ ተደፍቶ፤ ዙሪክ የተሸነፈችው በእናንተ ምስክርነት ነው?» አለችኝ።

ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል ይባላል፤ ሙሴ ክላይድን ግን ክረምቱን ሙሉ ከበዳቸው። ዳኞች ፊት ቆሞ ከመዋረድ ቢላውን መረጡና ሐኪም ቤት ገቡ። ዐይናቸው በራ፣ አልሐምዱሊላህ። ሥራዬ አበቃ ስል፣ የመጀመሪያውን እሁድ ለአጀብ ያህል ይዘውኝ ሄዱ። ሜዳውን አዩ። የጥርስ ሐኪሙ ኳስ ሲያባርር ተደናቅፎ በሆዱ ሲንሸራተት አዩ። ወደ እኔ ዞረው «ይህን ነው ስናወራለት የከረምነው?» አሉኝ። ያን ቀን ድምፃቸው ሞተ፤ «ሮጠ... ወደቀ...» ብቻ። አድማጭ ሁሉ ሽማግሌው ታመሙ ወይ እያለ ደወለ፤ ራዲዮውም ይረፉ ይሆን ማለት ጀመረ። ሞራ ያልነጠቃቸውን ሥራ ጤና ሊነጥቃቸው ነው!

በሚቀጥለው እሁድ ሙሴ ክላይድ መነጽራቸውን አውልቀው ኪሳቸው ከተቱ። ዐይናቸውን ጨፈኑ። ጆሯቸውን ወደ አፌ አስጠጉና «ሰይድ፣ ማን ዱላ ያዘ?» አሉኝ። ነገርኳቸው። ያ ድምፅ ተመለሰ።

እስከ ዛሬ የምንሠራው እንዲሁ ነው። ቀዶ ሕክምናውን ያደረገላቸው ዶክተርም እሁድ ራዲዮውን ከፍቶ ይሰማቸዋል አሉ። ሰኞ ቢላ ፈርቶ ለሚመጣ በሽተኛ ሁሉ፣ «እኒያን ሽማግሌ በራዲዮ አልሰማሃቸውም? ሣሩን አንድ በአንድ ነው የሚያዩት! እኔ ነኝ የሠራሁላቸው» ይለዋል አሉኝ።