ዶሴና ደሴ

[ወረታ ከተማ፣ የፍርድ ቤት ግቢ፣ ጧት። ዓለምነህ ኮት ለብሶ፣ ብብቱ ስር ወረቀት ወሽቆ ቆሟል። የሚስቱ ወንድም ደሴ፣ የፎገራ ሩዝ ገበሬ፣ ጋቢውን ሰብስቦ አግዳሚ ወንበር ላይ ሊቀመጥ ጎንበስ ብሏል።]

ዓለምነህ፦ ተነስ! ተነስ ብዬሃለሁ!

ደሴ፦ ገና መች ተቀመጥሁ፣ አያ ዓለምነህ?

ዓለምነህ፦ እሱ የተከሳሽ ወንበር ነው!

ደሴ፦ ተከሳሹ የታለ?

ዓለምነህ፦ አልመጣም።

ደሴ፦ እስኪመጣ ላሙቅለት።

ዓለምነህ፦ እዚያ የተቀመጠ ሰው ሁሉ እንደ ተከሳሽ ይቆጠራል። ሕግ ነው!

ደሴ፦ ያቺ ሴትዮ ተቀምጣ ልጇን ታጠባለች። ልጁም ተከሷል?

ዓለምነህ፦ [ዞር ብሎ አይቶ] ምን አጥፍቶ እንደሆነ ምን ታውቃለህ! ስለ ሰው ልጅ ምን አገባህ? ወዲህ ና፣ ከዛፉ ጥላ ስር ሁን።

ደሴ፦ ከጥላው ስር የተቀመጠስ ምን ይባላል?

ዓለምነህ፦ ደንቆሮ ይባላል።

ደሴ፦ እሺ። [ሄዶ ይቀመጣል።]

ዓለምነህ፦ ምን በድዬው ነው እግዜር አንተን ያሸከመኝ! እኅትህን አግባ አሉኝ፣ አገባሁ። ወንድም አላት ብሎ የነገረኝ አልነበረም።

ደሴ፦ በሰርግህ ለት ሙሽራዋን በቅሎ ላይ ያወጣኋት እኔ አይደለሁ?

ዓለምነህ፦ ባለ በቅሎው መስለኸኝ ነበር። አሁን ጆሮህን ክፈትና ስማኝ። ለምን እንደመጣን ታውቃለህ?

ደሴ፦ ወረታ? ጨው ልንገዛ።

ዓለምነህ፦ ጨው! እናንተ ቤት ጭንቅላት እንጂ ጨው አልጎደለም። አባትህ ሲሞቱ ፍርድ ቤቱ አንተንና አይናለምን «ወራሾች ናችሁ» ብሎ ወስኗል። ያ ውሳኔ እዚህ መዝገብ ቤት ተቀምጧል። እኛ እናመለክታለን፣ እነሱ ዶሴውን ያወጣሉ፣ ግልባጩን ይሰጡናል። ያለ ግልባጩ መሬቱን የሚከፍልልን የለም። ገባህ?

ደሴ፦ ገባኝ።

ዓለምነህ፦ ምን ገባህ?

ደሴ፦ እነሱ ደሴን ያወጣሉ።

ዓለምነህ፦ ዶሴ!

ደሴ፦ አቤት!

ዓለምነህ፦ አንተን አልጠራሁም! ዶሴ!

ደሴ፦ እኮ፣ አቤት!

ዓለምነህ፦ ዶሴ ማለት የተከማቸ ወረቀት ነው! መደርደሪያ ላይ ተጥሎ፣ አቧራ ወርሶት የሚኖር!

ደሴ፦ ኧረ እኔ ባለፈው ወንዛዬ ፍል ውሃ ወርጄ ታጥቤያለሁ።

ዓለምነህ፦ ምነው ፍል ውሃውን ጭንቅላትህ ውስጥ በገለበጡልህ! በል ዝም በል፣ ማመልከቻውን ልጻፍ። እንደ ወራሽነትህ አንተ ትፈርማለህ።

ደሴ፦ እታለም አይናለምን ብታመጣት አይሻልም ነበር? እሷ ፊደል ቆጥራለች።

ዓለምነህ፦ ሴት ፍርድ ቤት መጥታ ምን ትሠራለች? ያውም እኔን የመሰለ ባል እያላት! [ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ይጽፋል።] አመልካች…

ደሴ፦ [ጣቱን ያነሳል።] ይኸው።

ዓለምነህ፦ ምንድን ነው እሱ?

ደሴ፦ አመልካቼ።

ዓለምነህ፦ ጣትህን ማን ጠየቀህ! አመልካች ማለት ጉዳይ ይዞ የመጣ ሰው ነው።

ደሴ፦ ታዲያ ይሄኛው ጣት ምን ጉዳይ ይዞ ነው አመልካች የተባለው?

ዓለምነህ፦ ቂል እንዲያሳይ ነው!

[ደሴ ጣቱን አገላብጦ ያያል፤ ቀስ አድርጎ ወደ ዓለምነህ ያዞረዋል።]

ዓለምነህ፦ አውርድ! አውርደው! …የሟች ስም፤ አድማሴ…

ደሴ፦ ማን ነው አድማሴ?

ዓለምነህ፦ አባትህ ናቸዋ!

ደሴ፦ አባቴ አድማሴ የነበሩት በሕይወት ሳሉ ነው። የሞቱትማ ገብረማርያም ተብለው ነው።

ዓለምነህ፦ ምን ትላለህ አንተ?

ደሴ፦ ቄሱ ፍትሐት ሲያደርጉ «ነፍሰ ገብረማርያም» ነበር የሚሉት። አድማሴ የሚል አንድም ቃል አልሰማሁ። ሟች ካልህ፣ የሞተው ገብረማርያም ነው።

ዓለምነህ፦ [ያስባል። ፊቱ ይበራል።] አየህ! ሳታውቀው ቁም ነገር ተናገርህ። ሕጉም እንደዚያ ነው። ለቆመ ሰው የዓለም ስም፣ ለሞተ ሰው የክርስትና ስም። ይሄን ተራ ሰው አያውቀውም።

ደሴ፦ አንተ ታውቀው ነበር?

ዓለምነህ፦ ልነግርህ ስል ቀደምኸኝ።

[ከመዝገብ ቤቱ መስኮት ፊት። ሠራተኛዋ ሸዋዓለም ከውስጥ ሆና ማመልከቻውን ታነባለች። ደሴ ከዓለምነህ ጀርባ ቆሟል።]

ሸዋዓለም፦ የመዝገብ ቁጥር አላችሁ?

ዓለምነህ፦ ቁጥር የምትይዙት እናንተ፣ የምትጠይቁት እኛን! 

ሸዋዓለም፦ ቁጥሩ ከሌለ በሟች ስምና በዓመቱ እፈልጋለሁ። ውሳኔው መቼ ነው የተሰጠው?

ዓለምነህ፦ ደሴ! ተናገር እንጂ!

ደሴ፦ ርብ ወንዝ ሞልቶ ማሳችን ላይ በተኛበት ክረምት ነው።

ሸዋዓለም፦ ርብማ በየክረምቱ ይሞላል፣ ወንድሜ።

ደሴ፦ ያን ለት ግን ጥጃ ወስዶብናል።

ሸዋዓለም፦ [ሳቋን ውጣ] ጥጃው እዚህ አልተመዘገበም።

ዓለምነህ፦ አትስሚው እመቤት፣ አእምሮው ማሳ ላይ ነው የቀረው። የኮሮናው ማግስት ዓመት ነው።

ሸዋዓለም፦ ጥሩ። «ሟች ገብረማርያም» ይላል፤ መጠሪያ ስማቸው ነው ይሄ? አንዳንድ ሰው የክርስትና ስም እየጻፈ…

ዓለምነህ፦ እመቤት! እኔ ሕግ የምጠጣ ሰው ነኝ። አትመርምሪኝ፣ ፈልጊ!

ሸዋዓለም፦ እሺ፣ ይጠብቁ። [ወደ ውስጥ ትገባለች።]

ዓለምነህ፦ አየህ ሰው እንዴት እንደሚያናግሩ? አንገት ቀና፣ ድምፅ ወፈር!

ደሴ፦ ግልባጩ ሲወጣ ማን ይይዘዋል?

ዓለምነህ፦ እኔ ነኛ! መሬት ሲከፈል የሚደመጠው ወረቀት የያዘው ነው። ውሃው የሚተኛበትን ወገን እኔ… ማለቴ አይናለም ትወስዳለች። ላንተ ደረቁ ይደርስሃል።

ደሴ፦ ደረቁ ሩዝ አያበቅልም።

ዓለምነህ፦ ዳጉሳ ዝራበት። ጭንቅላትህም እንደሱ ነው፤ ትስማማላችሁ። አሁን ወደ አስፋልቱ ውጣ። ግልባጩን ማባዛት አለብን፤ የት እንደሚገኝ ጠይቀህ ና።

ደሴ፦ ምን ብዬ ልጠይቅ?

ዓለምነህ፦ «ግልባጭ» በላቸው፣ ያውቁታል!

[ደሴ ይሄዳል። ዓለምነህ መስኮቱ ላይ አንገቱን እያሰገገ ይጠብቃል። ፀሐይዋ ታከራለች። ከግቢው በር የከባድ መኪና ጡሩምባ ያናፋል። ደሴ ይመለሳል።]

ደሴ፦ አገኘሁ፣ አያ ዓለምነህ!

ዓለምነህ፦ ግልባጭ?

ደሴ፦ ገልባጭ። ከርብ አሸዋ የሚያመላልስ፣ ትልቅ ነው። ሾፌሩ «የምትጭኑት ወረቀት የታለ?» እያለ ነው።

ዓለምነህ፦ ገልባጭ መኪና?! ፍርድ ቤት ገልባጭ መኪና አመጣህ?!

ደሴ፦ ዶሴ የተከማቸ ወረቀት ነው አላልኸኝም? በጀርባችን እንዴት እንችለዋለን ብዬ…

ዓለምነህ፦ ግልባጭ ማለት ቅጂ ነው! ወረቀት ከወረቀት የሚገለበጥ!

ደሴ፦ ይሄም ይገለብጣል። አይቸዋለሁ።

[ጡሩምባው እንደገና ያናፋል። ዓለምነህ እየሮጠ ይወጣል፤ ከበሩ ጭቅጭቅ ይሰማል። ደሴ የፀሐይዋን ቦታ አንጋጦ ያያል። ዓለምነህ እያለከለከ ይመለሳል።]

ደሴ፦ ምን አለ?

ዓለምነህ፦ «ከሥራ ያስፈታኸኝ ቂል» ብሎ ሰደበኝ!

ደሴ፦ አንተን?

ዓለምነህ፦ እኔን!

ደሴ፦ ስለማያውቅህ ነው።

[ሸዋዓለም ወደ መስኮቱ ትመለሳለች። ክንዷ አቧራ ነክቶታል።]

ሸዋዓለም፦ ገብረማርያም የሚባል ሟች የለም። ያን ዓመት አየሁ፣ የፊቱንም የኋላውንም አየሁ።

ዓለምነህ፦ አልቻልሽበትም ማለት ነው! ሌላ የሚያውቅ ሰው ጥሪልኝ!

ሸዋዓለም፦ ሌላ ስም የላቸውም ሰውየው?

ደሴ፦ [ከጀርባ] አድማሴም ይሏቸው ነበር።

ሸዋዓለም፦ እንዴ! ከጧት ጀምሮ ይሄን ብትሉኝ እስካሁን ቤታችሁ ገብታችሁ ነበር! [ገብታ ወዲያው መዝገብ ይዛ ትወጣለች።] ይኸው። ለመሆኑ እርስዎ ምናቸው ነዎት?

ዓለምነህ፦ የወራሿ ባል!

ሸዋዓለም፦ ባል ወራሽ አይደለም። ውክልና ይዘዋል?

ዓለምነህ፦ ምን ውክልና! እኔ ራሴ ውክልና ነኝ!

ሸዋዓለም፦ [መዝገቡን ትገልጣለች።] ደግሞስ ለምን ደከማችሁ? ግልባጩ ወጥቷል እኮ። ባለፈው ሳምንት ነው፤ እኔ ፈቃድ ላይ ስለነበርሁ ባልደረባዬ ናት የሰጠች።

ዓለምነህ፦ ለማን?!

ሸዋዓለም፦ ለወራሾቹ ነዋ። አይናለም አድማሴና ደሴ አድማሴ። ሁለቱም ፈርመዋል።

[ዓለምነህ ቀስ ብሎ ይዞራል።]

ዓለምነህ፦ ደሴ።

ደሴ፦ ዓለምነህ።

ዓለምነህ፦ ግልባጩን ወስደሃል?

ደሴ፦ ወስደናል። አይናለም ቁጥሩን ይዛው ነበር። አመለከትን፣ ፈረምን፣ ሰጡን። ሰውም አልተሳደበ፣ መኪናም አልቆመ።

ዓለምነህ፦ ታዲያ ዛሬ ምን ልትሠራ ተከትለኸኝ መጣህ?

ደሴ፦ ላውልህ።

ዓለምነህ፦ ምን?

ደሴ፦ ዛሬ የመሬት አስተዳደር ሰዎች ከሽማግሌዎቹ ጋር ማሳውን ይከፍላሉ። አምና ገመድ ይዘው ሲመጡ አንተ ሕግ ስትዘረዝርላቸው ዝናብ ደረሰና ገመዳቸውን ጠቅልለው ሄዱ። ዘንድሮም በበልግ እንዲሁ አደረግሃቸው። አይናለም «እሱ ካለ መሬቱ እስከ ልጅ ልጅ አይከፈልም፤ ወረታ ወስደህ አውልልኝ» አለችኝ።

ዓለምነህ፦ ሚስቴ! የገዛ ሚስቴ!

ደሴ፦ የኔም እኅት ናት። ሙሽራ አድርጌ ስሸኛት ነው ባለ በቅሎ የመሰልሁህ።

ዓለምነህ፦ ማሳውስ? እንዴት አድርገው ሊከፍሉት ነው?

ደሴ፦ ውሃ ከሚተኛበትም እኩል፣ ከደረቁም እኩል። እሷ የጠየቀችው ይሄንኑ ነው። አባታችን እዚያች ማሳ ላይ ነው ያረጁ፤ ጀርባቸው የጎበጠ ያን ውሃ ሲቦዩ ነው። አንተ ግን ዳጉሳ ዝራበት አልኸኝ።

ዓለምነህ፦ [ድምፁ ወርዶ] ስለዚህ ከጧት ጀምሮ… ያ ሁሉ ጅልነትህ…

ደሴ፦ እኔ የሠራሁት ትንሽ ነው። አንዲት ቃል ስሳሳት አንተ ረጅም ሕግ ታወጣለህ። ቀኑን የጨረስኸው ራስህ ነህ።

ዓለምነህ፦ መቃወሚያ አገባለሁ! እመቤት፣ ወረቀት ስጪኝ! እቃወማለሁ!

ሸዋዓለም፦ በማን ስም?

ዓለምነህ፦ በሚስቴ!

ሸዋዓለም፦ እንግዲያው ሚስትዎን ይዘው ይምጡ። [መስኮቱን ትዘጋለች፤ የምሳ ሰዓት ደርሷል።]

[የደሴ ስልክ ይጠራል። አይናለም ናት። ደሴ ጋቢውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ያነሳል። ዓለምነህ ስልኩን ሊነጥቀው ይሞክራል፤ ደሴ እጁን ይዞ ያረጋጋዋል።]

ደሴ፦ አቤት፣ እታለም… ጨረሱ? እሰይ! እሰይ!… እኔ? ኧረ ምንም አላስቸገረኝም። ባልሽ እኮ የዋህ ሰው ነው፤ የነገሩትን ሁሉ ያምናል።