ጽዳት ወዳዱ ብሩክ

ሌላው የሠራውን ሳያፈርስ ሥራ የጀመረ የማይመስለው ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? የእኔው ብሩክ ይባላል። ቤቴል ባለችው ጠባብ ቢሯችን፣ ማንም በነጻ አውርዶ ሊያሻሽለው የሚችል የሞባይል ኔትወርክ ሶፍትዌር አብረን እናርም ነበር። ስልክ ከአንዱ አንቴና ወደ ሌላው ሲሻገር ጥሪ እንዳይቋረጥ ዐሥር መስመር ኮድ ጻፍኩ። አያምሩም፤ ግን ይሠራሉ። ከሥራቸውም «እንዳይነካ፤ አልማዝ» የሚል ማስታወሻ አኖርኩ።

«እትዬ አልማዝ፣ የእርስዎ ነገር ኮዱን አቆሸሸው እኮ! አጸዳሁት» አለኝ አንድ ቀን።

«ሞክረኸዋል?»

«ንጹሕ ነገር ደግሞ ምን ይሞከራል?»

ከሰዓት በኋላ የመሞከሪያውን ስልክ ይዞ ከአለቃችን ጋር እያወራ በሁለቱ አንቴናዎች መካከል ተመላለሰ። ሦስት ጊዜ ተሻገረ፤ ሦስቴም ጥሪው ተቋረጠበት።

በማግስቱ መስመሮቼ በእርሱ ስም፣ «አዲስ መፍትሔ» ተብለው ተመለሱ። አለቃችን በስብሰባ ላይ እያደነቀ ጮክ ብሎ አነበባቸው። መጨረሻ ላይ ግን ድምፁ ቀነሰ፤ «እንዳይነካ፤ አልማዝ።»

ማንም አልሳቀም።

«ብሩክዬ፣ እሷን ማጽዳት ረሳህ» አልኩት።

ማስታወሻዬ ዛሬም እዚያው አለች፤ ሶፍትዌሩን የሚያወርድ ሁሉ ያነባታል።