ጋሽ መጨረሻው እና የካዚኖው ፊልም

ሌባ የሌለበት ሰፈር ሊኖር ይችላል፤ ፊልም ቀድሞ ያየ ሰው የሌለበት ሰፈር ግን የለም። አይቶ ዝም ቢል ምን ነበረበት! ዝም አይልማ። የፊልም መጨረሻ ሆዱ ውስጥ አያድርለትም።

የኛ ሰፈሩ ክቡር ልብስ ሰፊያችን ናቸው። ሰፈሩ "ጋሽ መጨረሻው" የሚል ስም አውጥቶላቸዋል፤ እሳቸውም እንደ ማዕረግ ይኮሩበታል። ሱሪ ልታሳጥር ትሄዳለህ። ወገብህ ላይ ስፒል ሰክተው ንቅንቅ እንዳትል ካደረጉህ በኋላ፣ "የባንክ ዘራፊዎቹን ፊልም አየኸው?" ይሉሃል። አላየሁም ካልክ አለቀልህ። "እኔ መጨረሻውን አልነግርህም፤ ብቻ ሹፌሩን እንዳታምነው!"

አንዴ አንዲት ሙሽራ የሠርግ ቀሚሷን ለክታ እያለቀሰች ስትወጣ አይተን፣ ቀሚሱ ጠቧት ነው ብለን ደነገጥን። ለካስ ለጫጉላዋ ባስቀመጠችው የፍቅር ፊልም ውስጥ ሙሽራው እንደሚሞት ነግረዋት ኖሯል።

እኔም ቂም ይዤ ነበር። ስንት ፊልም አበላሹብኝ! ታዲያ በቅርቡ፣ ካዚኖ ሊያራቁቱ ስለገቡ ወንበዴዎች የተሠራ አንድ የድሮ ፊልም በዲቪዲ ታድሶ ወጣ። ጋሽ መጨረሻው ስለዚህ ፊልም ትንፍሽ ብለው አያውቁም። አላዩትም ማለት ነው! ገዛሁና ጠዋት ቁጭ ብዬ ጨረስኩት። ከዚያ ዲቪዲውን ይዤ ወደ ስፌት ቤታቸው ከነፍኩ።

"ጋሼ! ወንበዴዎቹን አሳልፎ የሰጣቸው ማን መሰለዎት?"

መቀሱን ጥለው ጆሯቸውን ያዙ። "በእናትህ! በእናትህ እንዳትነግረኝ!"

ልስቅ ነበር፤ ፊታቸውን ሳይ ሳቄን ዋጥኩት።

"ይሄን ከሷ ጋር ጀምረነው ነበር" አሉ። ሟች ባለቤታቸውን ማለታቸው ነው። ሴትየዋ የሌሊት ተረኛ ነርስ ስለነበሩ ፊልም ሲታይ ሁልጊዜ መሃል ላይ እንቅልፍ ይጥላቸዋል፤ ሲነቁ "እሺ፣ መጨረሻውን ንገረኝ" ይላሉ። ጋሽ መጨረሻው ይህን ሁሉ ዓመት መጨረሻ ሲያጠኑ የኖሩት ለካ ለሳቸው ነው።

"ይሄኛው በሁለት ካሴት ነበር የወጣው። አንደኛው እንዳለቀ፣ 'የሚሸጣቸው የሒሳብ ሹሙ ነው፤ ምን አለች በለኝ' አለች። እኔ ደግሞ የአለቃቸው ወንድም ነው ብዬ ድርቅ አልኩ። 'ይሄን እንኳ እንዳትነግረኝ፣ ሁለተኛውን አብረን እናየዋለን' ብላ ቃል አስገባችኝ። በሳምንቱ ታመመች። ከዚያ በኋላማ ማን ፊልም አስታወሰ! ብቻዬን እንዳላየው ቃሌ ያዘኝ። ግን ማን እንደረታ ሳላውቅ መሞትም አልፈልግም።"

"ከኔ ጋር ይዩታ፣ ጋሼ። እሳቸውም አይቀየሙም።"

ትንሽ አሰቡና ስፌት ቤቱን ዘጉ። ጓዳ ያለው ቴሌቪዥን ላይ ዲቪዲውን ከፍተን ሶፋዋ ላይ ተቀመጥን። ወንድምየው ተደብቆ ስልክ ሲደውል፣ "አላልኳትም!" ብለው ዘለሉ። እኔ አፌን ይዤ ዝም። በኋላ የሒሳብ ሹሙ ሻንጣውን አንጠልጥሎ፣ ፖሊሶቹን ጨብጦ መኪናቸው ውስጥ ሲገባ ጉልበታቸውን መቱ።

"ረታችኝ! አይ አንቺ ሴት፣ ረታሽኝ እኮ!"

እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ሳቁ አለቀ፣ እንባው ግን አላቆመም።

"አሁን ይሄን ሄጄ ለማን ልንገር?" አሉ። "ናፈቀችኝ እኮ፣ ልጄ።"

እኔ የማጽናናት ነገር አልችልበትም።

"ለኔ ይንገሩኝ" አልኩ።

"አንተ አብረኸኝ አየኸው አይደል እንዴ!"

"ግድ የለም፣ ይንገሩኝ።"

እንባቸውን በእጅጌያቸው ጠርገው፣ ቴሌቪዥኑን አጥፍተው ከመጀመሪያው ጀመሩ። የወንበዴዎቹ ኮት ትከሻው ላይ እንዴት እንደተሰፋ እንኳ አልቀረም። አንድም ጊዜ አላቋረጥኳቸውም። የሒሳብ ሹሙ ጋ ሲደርሱ ግን፣

"ውይ!" አልኩ፤ "እሱ ነው እንዴ?"