ሩዙ ይቀዘቅዛል

ታጋሽ የተባለች ሴት ግድግዳ ላይ የተመታች ምስማር ናት። አንዱ ኮቱን ይሰቅልባታል፣ ሌላው ዣንጥላውን ያንጠለጥልባታል፣ ሦስተኛው የሚሰቅለው ቢያጣ እንኳ ሲያልፍ እጁን ያሳርፍባታል። ምስማሯ አትናገርም። የማትናገረው ስላልከበዳት እንዳይመስላችሁ፤ እኔ ከተነቀልኩ ግድግዳው አብሮኝ ይፈርሳል ብላ ነው። ይኼን ከመጽሐፍ አንብቤ አይደለም የምላችሁ። ትምህርቴ ስምንተኛ ክፍል ላይ ነው የቆመው። ምስማር ሆኜ ስለኖርኩ ነው። በሠፈራችን በመንደራ ቆጪ «እንደ ከዲጃ ታገሺ» እየተባለ ስንት ሙሽራ ተመክራለች! ከእናንተም መካከል «አይ የሷ ትዕግሥት!» የምትባል ካለች ዛሬውኑ ትከሻዋን ትዳብስ። ስንት ኮት ተሰቅሎባት ታገኝ ይሆን።

«ትዕግሥት መራራ ናት፣ ፍሬዋ ግን ጣፋጭ ነው» ይላሉ። ይሁን፣ አልክድም፤ ሰብር ከአላህ ዘንድ ምንዳ እንዳለው አምናለሁ። ግን አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ፍሬውን የሚበላው ማን ነው? እኔ እስካሁን ያየሁት መራራውን አንዷ ስታኝክ ጣፋጩን ሌላው ሲውጥ ነው። አስተግፊሩላህ! ተቆጥቻለሁ። ሃምሳ ስምንት ዓመት ኖሬ መቆጣት የጀመርኩት ገና ዘንድሮ ስለሆነ እጄ አልተፍታታም። ካበዛሁት እናንተም በተራችሁ ታገሡኝ።

ሠላሳ ዓመት ሙሉ በሠርግ፣ በሕፃን አቂቃ፣ ሐጅ አድርጎ በተመለሰ ሰው ቤት ለሴቶች መንዙማ ሳወጣ ኖሬያለሁ። ማውጣት ማለት ስንኙን አስቀድሞ መጣል ነው፤ ሌሎቹ ድቤ እየመቱ ይቀበላሉ። የታወቅኩበት «ሰባቱ ደጅ» በሚባለው ነው፤ ከእናቴ ነው የተማርኩት። አንዲት ነፍስ የጌታዋን ቤት ፍለጋ ከደጅ ወደ ደጅ ትሄዳለች፤

ደጁን ባንኳኳ ማነሽ ይሉኛል፣
ስሜን ብናገር ደጅ ይቀይሩኛል።

እያለች። እያንዳንዱ ደጅ የራሱ ዜማ፣ የራሱ ልቅሶ አለው። ረጅም ነው። መንገድ ነዋ፤ የአላህ ቤት መንገድ በባጃጅ አይሄድም።

ታዲያ በሠላሳ ዓመት ውስጥ አንድ ቀን፣ አንዲት ቀን እንኳ፣ ሰባተኛው ደጅ ደርሼ አላውቅም። ሁለተኛው ደጅ ላይ ሰው ያለቅሳል። ሦስተኛው ላይ ሆድ ይጮሃል። አራተኛው ላይ ከጓዳ የትሪ ኳኳታ ይሰማል፤ ይኼኔ ሩቂያ ድቤዋን ታስቀምጣለች። ሩቂያ ግድግዳ የምንጋራ ጎረቤቴ ናት። ዋናዋ ተቀባዬም እሷ፣ የድግስ አዛዧም እሷ። ድምፅዋ ደግሞ ከድቤዋ ይብሳል።

«ያ ከዲጃ! ሩዙ ይቀዘቅዛል!»

በቃ። ሰው ሁሉ ወደ ትሪው ይዞራል። ያቺ ምስኪን ነፍስ እጇን እንዳነሳች አራተኛው ደጅ ላይ ተገትራ ትቀራለች። እኔም ፈገግ ብዬ እጄን እታጠባለሁ፤ ታጋሽ አይደለሁ? በአራተኛው ደጅ የዳርናቸው ልጆች ወልደው፣ የወለዷቸውንም እዚያው አራተኛው ደጅ ላይ ዳርናቸው። ሩዝ ግን አንድም ቀን ቀዝቅዞ አያውቅም።

ዘንድሮ የሠፈራችን ሴቶች ጀመዓ ልጃገረዶች ቁርኣን የሚቀሩበት አዳራሽ አሠራ። ለምረቃው ከአዲስ አበባ ስመ ጥር መንዙማ አውጪ ሊያስመጡ አሰቡ፤ ሴትዮዋ አልተመቻትም። ሌላ ጠየቁ፤ ታመመች። በመጨረሻ «ከዲጃ አለች አይደል እንዴ? እሷ እንደሁ እምቢ አታውቅም» ተባለ። ይቺን ቃል እንደ ምርቃት ይዛልኝ የመጣችው የገዛ ልጄ ሐያት ናት፤ የጀመዓው ጸሐፊ ናት።

«እማ፣ ከዙሁር ሶላት እስከ አሱር ሶላት ሰዓቱ በሙሉ ያንቺ ነው! ሌላ አውጪ የለም፣ ብቻሽን!»

የተመረጥኩት ስለቻልኩ ሳይሆን ስለማልቀር መሆኑ ገብቶኛል። ዋጥኩት። ከዙሁር እስከ አሱር ማለት ግን፣ አስቡት፣ ሰባት ደጅ ማለት ነው! በዚያ ሌሊት ሱጁድ ላይ ተደፍቼ ቆይቼ «ያ ረቢ፣ አንዴ ብቻ አድርሰኝ» አልኩ። ሌላ የጠየቅኩት የለም።

ዝግጅቴን ጀመርኩ። በዚህ ዕድሜ ሁለት ሰዓት ተኩል ማውጣት ቀላል እንዳይመስላችሁ፤ ትንፋሽ እንደ አሮጌ ጆንያ በየት እንደሚያፈስ አይታወቅም። ከሱብሂ ሶላት በኋላ ወደ አወቱ ወንዝ ወርጄ እየተራመድኩ አወጣለሁ። ዝንጅብል አኝካለሁ። ምስር ስለቅም አንድ ደጅ፣ ልብስ ሳጥብ አንድ ደጅ። አንድ ጧት የአምስተኛውን ደጅ ልቅሶ ድምፄን ለቅቄ ስለማመድ ሁለት ጎረቤቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው «ማን አረፈ?» ብለው ከተፍ አሉ። አምስተኛውን ሰምተውት ስለማያውቁ አልፈረድኩባቸውም።

በሳምንቱ ሐያት በኮምፒዩተር የተጻፈ ወረቀት ይዛ መጣች። የእንኳን ደህና መጣችሁ ንግግር፣ ሪፖርት፣ ግጥም፣ የምስክር ወረቀት፣ ደግሞ ንግግር። ስሜን ፈለግሁት። ከታች፣ ከመዝጊያው ዱዓ በላይ፣ «መንዙማ፣ ሃያ ደቂቃ» ይላል።

«ሰዓቱ በሙሉ ያንቺ ነው አላልሽኝም?»

«እማ፣ ዘንድሮ ሰው ረጅም ነገር አይሰማም እኮ። አንድ ሁለት ደጅ በቂ ነው። ሃይላይቱን ብቻ።»

«ሃይላይት ደግሞ ምንድን ነው?»

«ምርጥ ምርጡ።»

«አንቺን ዘጠኝ ወር ተሸክሜሻለሁ። ምርጥ ምርጡን ብቻ ብዬ አምስተኛው ወር ላይ ባወርድሽ ደስ ይልሽ ነበር?»

ልጄ ከአፌ እንዲህ ያለ ነገር ሲወጣ ሰምታ አታውቅም፤ እኔም አልሰማሁም። ወረቀቱን አራት ቦታ አጠፍኩና ከሚንገዳገደው ጠረጴዛ እግር ሥር ከተትኩት። ጠረጴዛው እስከ ዛሬ ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ እንዲያው ንግግር አይጠቅምም አይባልም።

በዚያው ትኩሳት ወደ ሩቂያ ተሻገርኩ።

«በምረቃው ቀን እኔ ሳልጨርስ ትሪ አዳራሽ አይገባም።»

«ማል ታቴ ከዲጃ? ምን ነካሽ? ሩዙስ?»

«ይቀዝቅዝ!»

እመኑኝ፣ በጅማ ከተማ እንግዳ ተጠርቶ እንዲህ ያለ ቃል ተነግሮ አያውቅም። ሩቂያ ጭልፋውን አስቀመጠች።

«ታዲያ እንግዳው መንዙማ ጠግቦ ይሂድ በያ!»

«ሠላሳ ዓመት ሩዝ ጠግቦ ሄዷል።»

«የኔን ሩዝ?» አለች፤ ዓይኗ እንባ አቀረረ። «የኔ ሩዝ ነው መንዙማሽን የጎዳው?»

ከዚያ ወዲያ ሰላምታችን በጭንቅላት ብቻ ሆነ። ሐያት አኩርፋለች፣ ሩቂያ አኩርፋለች። እኔ ግን መንገዱን ሁሉ አስለቅቄያለሁ፤ ቀሪው ማውጣት ነው። ለምረቃው አራት ቀን ሲቀረው ከወንዙ ዳር ቆሜ ከአንድ ጀምሬ ሳላቋርጥ ወረድኩ። ስድስተኛውን ጨረስኩ። ለሰባተኛው አፌን ከፈትኩ።

ምንም የለም።

ጨዋታዬን አይደለም። ፈለግሁ፣ የስድስተኛውን ዜማ ደገምኩ፣ ከኋላ ተመልሼ ተንደረደርኩ፤ የለም! የረሳሁት አይደለም፤ የረሱት ነገር ጠረኑ እንኳ ይቀራል። ሠላሳ ዓመት ያንን ትሪ በሆዴ ስረግም ስኖር፣ አንድ ቀን ትሪው ባይመጣ ኖሮ በሰው ፊት ምን ልሆን ነበር?

እናቴ ከሞተች ቆየች። የቀሩት አንድ ሰው ብቻ ነበሩ፤ አጋሮ የሚኖሩት እማማ ሻምሲያ። እሳቸውና እናቴ በወጣትነታቸው አንድ የቡና መጋዘን ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠው ቡና ይለቅሙ ነበር፤ ጥቁሩንና የተሰበረውን ፍሬ ከደህናው መለየት ነው ሥራቸው። በማግስቱ በጧቱ ሚኒባስ ተሳፍሬ ሄድኩ። እማማ ሻምሲያ በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው፣ ከፊታቸው ቀይ እሸት ቡና ተሰጥቶ፣ በረጅም ሸንበቆ ዶሮ ያባርራሉ።

«እማማ፣ ሰባተኛውን ደጅ ይንገሩኝ። ጠፍቶብኛል።»

«ምኑን?»

«ከሰባቱ ደጅ ሰባተኛውን።»

«ሰባተኛ የለውም፣ ኢንተላ ኮ፣ የኔ ልጅ። ስድስት ነው።»

«ስሙ ሰባቱ ደጅ አይደለም እንዴ?»

«ሰባት ያልነው ስድስት ስለማያምር ነው።»

ዶሮዋ እሸቱ ላይ ወጣች፤ ማንም አላባረራትም።

«ያልነው ሲሉኝ?» አልኩ።

«እኔና እናትሽ ነና ገጥመን ያወጣነው። ከየት የመጣ መስሎሽ ነው? እየለቀምን፣ አንድ ዓመት አንድ ደጅ፣ ሌላ ዓመት ሌላ ደጅ። ሰባተኛውን ልንል ስንል የምሳ ደወል ይደወላል። ነገ እንለዋለን ስንል፣ ነገ እንለዋለን ስንል፣ እሷ አገባች፣ እኔ አጋሮ መጣሁ። በቃ፣ እዚያው ላይ ቀረ።»

ልቆጣው ያሰለፍኩት ሰው ሁሉ ቦታውን ለሟች እናቴ ለቀቀላት፤ አላህ ይማራትና! ለደወል ብላ የጌታን ደጅ ትተዋለች?

«ታዲያ በዚህ ሁሉ ዓመት ለምን አልነገሩኝም?»

«መች ጠየቅሽኝ? አራተኛው ላይ ሩዝ ትበያለሽ ሲሉ ነው የምሰማው።» ጥርስ በሌለው አፋቸው ሳቁብኝ። ከዚያ ሸንበቆውን አስቀምጠው እጄን ያዙ። «ሂጂና ጨርሺው። ደወሉ እንደሆነ ተነቅሏል።»

ሲመለስ ሚኒባሱ በየመንገዱ እየቆመ ኬሻ ጣራው ላይ ይጭናል፤ ረዳቱ ይጮሃል፣ አንዲት ሴትዮ ጭኔ ላይ ቅርጫት አስቀምጣለች፤ ምስማር ነኛ! እኔ ግን በመስኮቱ እያየሁ እንደ ጀበና እፈላለሁ። ማነሽ፣ ማነሽ፣ ማነሽ! ስድስት ደጅ ሙሉ ማነሽ ስትባል የኖረች ሴት ሰባተኛው ላይ ምን መባል ነው የሚገባት? እንዲህ ብዬ ስቆጣ ነው ስንኙ ራሱ የመጣው። በእልህ ነው የመጣው፤ አላህ ንዴቴን ለዚህ ቢያውለው እሱ ያውቃል።

ቀኑ ደረሰ። ከዙሁር በኋላ አዳራሹ ሞላ። ሐያት አንድ አጭር ንግግር ብቻ አድርጋ ማይኩን ሰጠችኝና፣ በጆሮዬ «እስከምትጨርሺ ነው እማ» አለችኝ። ሩቂያ ፊት ለፊቴ ድቤዋን ይዛ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተቀምጣለች። ፊቷ አኩርፏል፤ እጇ ግን መጥታለች።

አወጣሁ። አንደኛው፣ ሁለተኛው፣ ሦስተኛው። አራተኛው ደጅ ላይ ስደርስ አዳራሹ በሙሉ፣ እንደ አንድ ሰው፣ አንገቱን ወደ ጓዳው በር አዞረ። ከሁሉ ያናደደኝ ምን መሰላችሁ? እኔም አዞርኩ! ድምፄ በራሱ ጊዜ ሊቆም ሲል ሩቂያ ጓዳውን አየች፣ እኔን አየች፣ ከንፈሯን ነከሰች፤ ድቤውን እንደ በደለኛ ደበደበችው። አምስተኛው ደጅ ገባን። በእጄ የዳርኳቸው ሴቶች፣ አሁን እናት የሆኑት፣ እንደ አዲስ ሙሽራ አፋቸውን ከፍተው ይሰማሉ። ስድስተኛው። ከዚያ፤

ሰባተኛው ደጅ ክፍቱን ጠብቆኛል፣
ማነሽ ሳይለኝ ግቢ ብሎኛል።

ሦስቴ ደገምኩት። ጨረስኩ። ማይኩን ከአፌ አራቅሁ።

ዝም።

እልልታ የለም፣ አሚን የለም፣ የተንቀሳቀሰ ሰው የለም። ሁሉም እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ ያየኛል። እኔም አያቸዋለሁ። አልወደዱትም ማለት ነው፤ ሠላሳ ዓመት ጠብቄ፣ አጋሮ ድረስ ሄጄ፣ ልጄንና ጎረቤቴን አስቀይሜ! ንዴቴ ከእግሬ ጥፍር ጀምሮ ሲወጣ ይሰማኛል። ወደ ሩቂያ ጎንበስ አልኩ።

«ምን ሆናችሁ?»

«ቀጥዪ እንጂ» አለች፤ ዓይኗ በእንባ ርሷል።

«አለቀ እኮ!»

«አለቀ?» ዞር ብላ ሰዉን አየች፣ መልሳ እኔን አየች። «ትሪ ሳይመጣ በምን እንወቅ?»

ማይኩን ለሐያት ሰጠሁ። ጓዳ ገባሁና የመጀመሪያውን ትሪ በገዛ እጄ አንስቼ በአዳራሹ መካከል ይዤ ገባሁ። ይኼኔ እልልታው ጣራውን አነሳው፤ የሚያለቅሰው፣ አሚን የሚለው፣ የሚያቅፈኝ ሌላ ሆነ።

ሩዙ እውነትም ቀዝቅዞ ነበር። ሁለት ጊዜ አስጨምሬ በላሁ።