ባልዲው አልሞላም

የአራዳ ልጅ አይፈራም የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ወደ እኔ ላኩት። ሊፍት እፈራለሁ፣ መርፌ እፈራለሁ፤ አብረውን የሚኖሩትን አማቴን እማማ በላይነሽንማ ተዉት። ዘንድሮ ደግሞ እቃ ማጠቢያ ማሽን ተጨመረልኝ።

ማሽኑን ያመጣችው ባለቤቴ ትዕግሥት ናት። እዚህ ፒያሳ አጠገባችን የነበሩ ጎረቤቶች ቤታቸው ፈርሶ ኮንዶሚኒየም ሲገቡ፣ ማዕድ ቤቱ ጠበባቸውና ሰጧት። እሷ ደስ አላት። የእኔ ዓይን የሄደው ግን ጣሪያው ላይ ወዳለው ታንከር ነው። እኛ ሰፈር ውሃ የሚመጣው ሐሙስ ሐሙስ ነዋ! የእማማ ማኅበር ደግሞ ተራው ደርሷቸው እኛ ቤት የሚሆነው ረቡዕ። ቄሱና ማኅበርተኛው ሁሉ ባሉበት ቧንቧው ቢደርቅስ? እማማ ፊት የት እገባለሁ?

እሑድ ከምሳ በኋላ ማሽኑ የዶሮ ወጡን ሳህኖች ተቀብሎ ሥራ ጀመረ። የቆሻሻ ውሃ መውጫ ጎማውን ባልዲ ውስጥ ከትቼ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ጉርጉር ይላል፣ ዝም ይላል። ዝም ሲል ጆሮዬን እለጥፍበታለሁ። እየጠጣ ይሆን እንዴ? ትዕግሥት ሳቀችብኝ። ከሥር ትንሽ ውሃ ይቀበልና እሷኑ እያዞረ ይረጫል፣ የቆሸሸውን ይደፋል፣ ለማለቅለቂያ ደግሞ ሌላ ትንሽ ንጹሕ ውሃ ይቀበላል፤ ይኸው ነው አለችኝ። እውነትም ሲጨርስ ባልዲው አልሞላም። እኔ በእጄ ሳጥብ ሳሙናውን ለማስለቀቅ ብቻ የዚህን እጥፍ አፈሳለሁ።

የተረጋጋሁ መሰላችሁ? አሁን ደግሞ ማነሱ አስፈራኝ። በዚህች ውሃ ያ ሁሉ ሳህን እንዴት ይጠራል? የቀረው ሳሙና ቄሱን ቢያማቸውስ? እማማ ደግሞ ባሰባቸው።

«እሷኑ እያዞረ ነው የሚረጨው? የእሑዱ ቅቤ ረቡዕ የጾም ሳህኔ ላይ ሊመጣ? ማኅበርተኛውን ልታስገድፉብኝ ነው?»

ትዕግሥት ለማለቅለቂያው የሚገባው ሌላ ውሃ ነው ብትል ማን ይስማት! እኔም ከእማማ ጋር አብሬ ፈራሁ።

እናም ትዕግሥት ሥራ ስትሄድ ሳህኖቹን ማሽኑ ውስጥ ሳይገቡ አንድ ጊዜ አለቀልቃለሁ፤ ሲወጡ ሁለት ጊዜ። ሰኞም፣ ማክሰኞም እንዲሁ። ረቡዕ ጠዋት የማኅበሩን ሳህን በሙሉ፣ ቧንቧውን ለቅቄ፣ አንድ በአንድ። እማማም ብርጭቆውን እያለቀለቁ አጠገቤ ቆሙ። «እስቲ ድገመው ልጄ» ይሉኛል፤ እደግመዋለሁ።

እንግዶቹ ገብተው ቁጭ አሉ። ትዕግሥት የእጅ ውሃ ልትቀዳ ቧንቧውን ከፈተች። ሁለቴ አስነጠሰና ዝም አለ። ቄሱ እጃቸውን ዘርግተው ይጠብቃሉ።

እማማ ጣታቸውን ወደ ማሽኑ ቀሰሩ። «ብያለሁ! ይሄ ከርሳም ጠጥቶ ጨረሰው!»

ትዕግሥት ወደ እኔ ዞረች። ምን ልበል? አማቴን እፈራለሁ ብያችኋለሁ።

«እኔም ስጠረጥረው ነበር» አልኩ።

ከጎረቤት አንድ ጀሪካን ውሃ ተለመነ። ትዕግሥት እንግዶቹን ሁሉ እየዞረች አስታጠበችና እኔ ጋ ደረሰች።

«አምጣ እጅህን።»

ከኪሴ አላወጣሁም። ጣቶቼ ሲዘፈዘፉ አርፍደው የሽማግሌ ጣት መስለዋል። እማማ ያድኑኝ እንደሆነ ብዬ ቀና ብል፣ እሳቸውም እጃቸውን ነጠላቸው ውስጥ ሸሽገዋል።